የጎረቤት ጫጫታና የደም ግፊት፦ ሕጉ ምን ይፈቅድላችኋል?



ሰሞኑን እዚሁ አሰላ አንዲት እናት ለደም ግፊት ክትትል መጡ። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይወስዳሉ፣ ጨውም ቀንሰዋል፤ ግፊቱ ግን አልወርድ ብሏል።

"እንቅልፍስ እንዴት ነው እማማ?" አልኳቸው።

"የምን እንቅልፍ ልጄ! ከጎናችን መጠጥ ቤት ተከፍቶ ስፒከሩ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይጮኻል።"

ለምን እንዳላመለከቱ ስጠይቃቸው "ከጎረቤት ጋር መካሰስ ነውር አይደል?" አሉኝ።

ጫጫታ የሚጎዳው ጆሮን ብቻ አይደለም። ተኝተንም ሰውነታችን ድምፅ ይሰማል፤ የጭንቀት ሆርሞን ይለቃል፣ የልብ ምት ይጨምራል፣ የደም ሥር ይጠብባል። ይህ ለዓመታት በየሌሊቱ ሲደጋገም ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም ያጋልጣል። ወፍጮ ቤትና ብየዳ ቤት የሚውሉ፣ በስንዴ አጨዳ ጊዜ ኮምባይነር ላይ የሚሠሩ ወገኖች ደግሞ መስማታቸው ቀስ በቀስ ይቀንሳል። በዚህ መንገድ የጠፋ መስማት አይመለስም፤ ስለዚህ የጆሮ መከላከያ አድርጉ።

ሕጉ ምን ይላል?

በአገራችን የድምፅ ደረጃ መሠረት ለመኖሪያ ሰፈር የተፈቀደው ቀን 55፣ ማታ 45 ዴሲቤል ነው። ማታ የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነው። የሁለት ሰው ተራ ጨዋታ እንኳ 60 ገደማ ይደርሳል! የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225ም ባለንብረት ጎረቤቱን ከልክ ባለፈ ድምፅ እንዳያስቸግር ይከለክላል።

ምን እናድርግ?

1. መጀመሪያ ባለቤቱን በሰላም አነጋግሩ። እኛ አርሲዎች ጃርሱማ አለን፤ ሽማግሌ ይግባበት።

2. እምቢ ካለ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግቡ። የስልክ መለኪያ አፕ ግምት ይሰጣል እንጂ የባለሙያ ልኬትን አይተካም።

3. ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ በከተማችሁ ባለው ጽሕፈት ቤት በኩል፣ በጽሑፍ አመልክቱ። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት ማንም ሰው ማመልከት ይችላል፤ "እኔ በግሌ ተጎድቻለሁ" ብሎ ማስረዳት አይጠበቅበትም። ገቢ የተደረገበት ቀን ያለበትን ኮፒ ያዙ።

4. በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካጣችሁ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 60 ቀናት ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ኮፒው የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

የእማማን መድኃኒት አስተካክያለሁ፤ ስፒከሩን ግን ኪኒን አይዘጋውም። ማመልከቻውን ልጃቸው ሊጽፍ ተስማምተናል። እናንተም መድኃኒታችሁን ሳታቋርጡ መብታችሁን ጠይቁ።

ለሰፈራችሁ ግሩፕ ሼር አድርጉት።