አሮጌ ወርቅ ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት

በክረምት ጎተራው ሲጎድል ወይም የእርሻ በሬ ሲሞት፣ ከገበሬው ቤት ሣጥን የሚወጣው የባለቤቱ ጉትቻና ሐብል ነው። እርሷ በጌጥነቱ የምታውቀውን ዕቃ ወርቅ ቤቱ የሚገዛው ለማቅለጥ በመሆኑ ለእጅ ሥራው ዋጋ አይሰጥም። የሚከፈለው በውስጡ ላለው ንጹሕ ወርቅ ነው፤ ይኸውም በካራት ይታወቃል። 24 ካራት ንጹሕ ሲሆን፣ 21 ካራት ከመቶ 87.5፣ 18 ካራት ደግሞ ከመቶ 75 እጅ ወርቅ ይዟል። ስለሆነም 10 ግራም የሚመዝን የ18 ካራት ሐብል ያለው ንጹሕ ወርቅ 7.5 ግራም ብቻ ነው። ይህን ያላወቀ ሻጭ በትክክል ተከፍሎት ሳለ ተታለልሁ ብሎ ይመለሳል። የባሰው ግን 21 ካራቱ በ18 ሒሳብ ሲገዛ ነው፤ ከየ10 ግራሙ 1.25 ግራም ንጹሕ ወርቅ ሳይከፈልበት ይቀራል፤ ሻጩም አመስግኖ ይሄዳል።

በጌጡ ላይ 750 የሚል ማኅተም 18 ካራትን፣ 875 የሚለው 21 ካራትን ያመለክታል። ማኅተም የሌለው በመፈተኛ ድንጋይና በአሲድ ስለሚፈተን፣ ፈተናው በሻጩ ፊት ይደረግ። ወርቅ የተቀባ የብር ጌጥ የወርቅ ዋጋ አያወጣም።

የማኅበር መሪዎች፣ አባሎቻቸው ዋጋ ከመቁረጣቸው በፊት በሁለት ወርቅ ቤቶች እንዲያስመዝኑ ቢያስረዱ ይበጃል። ጌጡ የጥሎሽ ከሆነም ባለቤቲቱ ራሷ ከሚዛኑ ፊት ትቁም።