ወርቅና ብርን የለየች 0.09 ሰከንድ

እ.ኤ.አ. በ2000 የሲድኒ ኦሎምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በመጨረሻው ዙር አፈትልኮ ሲወጣ «አለቀ፣ ደቀቀ» ያለው ብዙ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ ግን አልለቀቀውም፤ መስመሩ ላይ ቀደመው። 27:18.20 ለ27:18.29! 25 ዙር ተሮጦ ልዩነቱ 0.09 ሰከንድ። በዚያው ኦሎምፒክ የወንዶች 100 ሜትር አንደኛና ሁለተኛ እንኳ የተለያዩት በ0.12 ሰከንድ ነበር።

ይህች ቁጥር ለመካነ ሰላምና ለአካባቢው የደቡብ ወሎ ደጋ ወጣት ሯጮች ትልቅ ትምህርት ናት። ዳገቱንና ከ2 ሺህ 500 ሜትር በላይ የሆነውን ከፍታ ተፈጥሮ አድላቸዋለች። ቴርጋትም ቢሆን የሠለጠነው ከፍታ ላይ ነው። ወርቁን ከብሩ የለየችው የመጨረሻዋ እልህ ናት። እናም የቦረና ልጆች፣ እግራችሁ ሲዝል አንዲት እርምጃ ጨምሩ!