ብስክሌተኛውና የአየር ተቃውሞ

እ.ኤ.አ. በ1972 ቤልጂጋዊው ኤዲ መርክስ በሜክሲኮ ሲቲ በአንድ ሰዓት ውስጥ 49.431 ኪሎ ሜትር በብስክሌት ሄዶ ክብረ ወሰን አስመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2022 ጣሊያናዊው ፊሊፖ ጋና በስዊዘርላንድ፣ በግሬንኸን ከተማ 56.792 ኪሎ ሜትር አደረሰው። ብልጫው ከጡንቻ ብቻ የተገኘ ነውን?

በዚህ ፍጥነት የብስክሌተኛው ጉልበት በአመዛኙ የሚያልቀው አየሩን በመግፋት ነው። የአየር ተቃውሞ በፍጥነቱ ካሬ ልክ ያድጋል፤ ይህን ለማሸነፍ በየሴኮንዱ የሚወጣው ጉልበት ደግሞ በፍጥነቱ ኩብ ልክ ይጨምራል። የጋና ፍጥነት የመርክስን 1.149 ጊዜ ያህል ነው፤ የዚህ ቁጥር ኩብ 1.52 ገደማ ይሆናል። እንግዲህ መርክስ በዚያው ብስክሌትና አቀማመጥ፣ በዚያው አየር የጋናን ፍጥነት ለማግኘት 52 በመቶ ያህል ተጨማሪ ጉልበት ባስፈለገው ነበር። ይህን ለአንድ ሰዓት የሚችል ሰው የለም። በዚያ ላይ ሜክሲኮ ሲቲ እንደ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው፤ ግሬንኸን ግን ዝቅ ያለች ናት።

ስለዚህ ዋናው ምስጢር ተቃውሞውን መቀነስ ነው። ክንዶች ወደ ፊት ተዘርግተው ይጠጋጋሉ፤ ጀርባ ይጋደማል፤ ልብስ ከገላ ጋር ይጣበቃል፤ በባለ ሽቦው መንኮራኩር ፈንታ ድፍን መንኮራኩር ይገባል።

ታዲያ ክብሩ የሰው ነው ወይስ የመሣሪያው? ዓለም አቀፉ የብስክሌት ስፖርት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2000 ክብረ ወሰኑ በመርክስ ዓይነት ብስክሌት ብቻ እንዲሞከር ደንግጎ ነበር፤ በ2014 ግን ደንቡን አላላ።

ተማሪዎች፣ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በየሴኮንዱ የሚያስፈልገው ጉልበት ስንት እጥፍ ይሆናል? አስሉት።