ሳይን 30 ስንት ነው? ርካሽ ካልኩሌተር ስለ መምረጥ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ወደ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገብቶ ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር የሚጠይቅ ወላጅ ሁለት ሦስት ዓይነት ይደረደርለታል። የካሲዮው ኤፍኤክስ 82 ኤምኤስ 240 ተግባር አለው፤ ኤፍኤክስ 991 ኤምኤስ 401፤ ኤፍኤክስ 991 ኢኤስ ፕላስ ደግሞ 417። ዋጋቸውም ከቁጥሩ ጋር አብሮ ይወጣል። ወላጅ ለልጁ አይሰስትምና አቅሙ ከፈቀደ ትልቁን ቁጥር ይመርጣል፤ አቅም ያጠረው ደግሞ ልጁን የበደለ እየመሰለው ትንሹን ይዞ ይወጣል። ሁለቱም በማይሆን ሚዛን መዝነዋል። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላለው ሒሳብ ካልኩሌተርን የሚያስመርጠው ዋናው ነገር ማሳየቱ ነው፤ ተማሪው ምን እንደ ጻፈና ማሽኑ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ በግልጽ የሚያሳይ ከሆነ ሌላው ትርፍ ነው። በዚህ ከተመዘነ ርካሹ ማሽን ከሚገመተው በላይ ጎበዝ ነው። የጎደለው የሚያሳየውን የሚያይለት ሰው ነው።

ስለ ምንነቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ከመደመር፣ ከመቀነስ፣ ከማባዛትና ከማካፈል አልፎ ሥርን፣ ኃይልን፣ ሎጋሪዝምን፣ ሳይንንና ኮሳይንን የሚያወጣ የኪስ ማሽን ነው። ዛሬ እንደ ተራ ዕቃ ቢታይም ሲጀመር የባለጸጋ ነበር። ሂውሌት ፓካርድ እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣው ኤችፒ 35 ዋጋው 395 ዶላር ነበር፤ በ1976 ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቲአይ 30ን በ25 ዶላር ገደማ ለገበያ አቀረበ። በእኛ አገር ከዚያም በኋላ ለረጅም ዘመን የሎጋሪዝምና የትሪጎኖሜትሪ ሠንጠረዥ በሒሳብ መጽሐፍ ጀርባ ሲታተም ኖሯል፤ ማንቲሳና ካራክተሪስቲክ እያለ በዚያ ሠንጠረዥ ያመሸ ትውልድ ዛሬም አለ። በዚያ ሠንጠረዥ ይሠራ የነበረው ሁሉ 240 ተግባር ባለው ርካሽ ማሽን ውስጥ ገብቷል፤ ክፍልፋይ፣ ፋክቶሪያል፣ ፐርሙቴሽንና ኮምቢኔሽን፣ አማካይና ስታንዳርድ ዴቪየሽን ተጨምረውበት። 991 ኤምኤስ የሚጨምረው የሁለተኛ ዲግሪ እኩልታ መፍታትን፣ ማትሪክስን፣ ኮምፕሌክስ ቁጥርንና ኢንተግራልን ነው። እነዚህ ግን መምህሩ «አካሄድህን አሳይ» የሚልባቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሱን ብቻ የሚተፋ ማሽን በዚያ ቦታ ነጥብ አያስገኝም።

ተራው የሱቅ ካልኩሌተር 2 + 3 × 4 ሲባል በተጫኑት ቅደም ተከተል ሄዶ 20 ይላል፤ ሳይንቲፊኩ ማባዛቱን አስቀድሞ 14 ይላል። ይህን የማያውቅ ተማሪ የእናቱን የሱቅ ካልኩሌተር ይዞ ትምህርት ቤት ቢመጣ ቀኑን ሙሉ ሲሳሳት ይውላል። ከዚህ ቀጥሎ የሚታየው ስክሪኑ ነው። ባለ ሁለት መስመሩ ከላይ የተጻፈውን፣ ከታች ውጤቱን ያሳያል፤ በቀስቱ ወደ ኋላ ተመልሶ አንድ ቁጥር ማረምም ይቻላል። ባለ አንድ መስመሩ ግን ውጤቱን ብቻ ያስቀራል፤ ስሕተቱ የት እንደ ገባ መርምሮ ማግኘት አይቻልም። ከ−3 ካሬ የሚነሣው ክርክር ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ማሽኑ −9 ሲል «ተበላሽቷል» የሚል ተማሪ ጥቂት አይደለም፤ ላይኛው መስመር ላይ ግን ቅንፍ የሌለበት −3² ተጽፎ ይታያል። በሒሳብ ሕግ ኃይሉ ከመቀነስ ምልክቱ ይቀድማልና ማሽኑ ትክክል ነው። 9 የሚፈልግ (−3)² ብሎ ይጻፍ። 6 ÷ 2(1+2) ሲሰጣቸው አንዳንዶቹ ሞዴሎች 1፣ ሌሎቹ 9 የሚሉትም ስለዚሁ ነው፤ አጻጻፉ ራሱ አሻሚ ነው፤ ቅንፍ መጻፍ የሚሰለቸው ተማሪ በማሽኑ ላይ ማማረር አይገባውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በስክሪኑ ላይኛ ጠርዝ የጤፍ ቅንጣት የምታህል አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል አለች፤ ዲ፣ አር ወይም ጂ ትሆናለች። ማሽኑ ማዕዘንን በዲግሪ፣ በራዲያን ወይም በግራዲያን እየቆጠረ መሆኑን የምትናገረው እሷ ናት። በካልኩሌተር ላይ ከሚሠሩት ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ከዚህች ፊደል ይመጣል፤ ስለ አመራረጥ የሚጻፉ ምክሮች ግን በአንድ ሐረግ ያልፏታል። ሳይን 30 በዲግሪ 0.5 ነው። በራዲያን −0.988 ይሆናል። በግራዲያን 0.454 ይሆናል። አብዛኛው ሰው አደገኛው ራዲያን ይመስለዋል፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ አንኮበር ላይ የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት የነበረበትን ኮረብታ ጫፍ አንድ ተማሪ 100 ሜትር አግድም ርቀት ላይ ቆሞ በ30 ዲግሪ ማዕዘን አየው እንበል። ጫፉ ከዓይኑ በላይ ያለው ከፍታ 100 ሲባዛ በታንጀንት 30፣ ማለትም 57.7 ሜትር ያህል ነው። ማሽኑ ራዲያን ላይ ከሆነ −640.5 ይላል። ኮረብታ 640 ሜትር ወደ መሬት ውስጥ አይሰምጥምና ተማሪው ይነቃል፤ ደግሞ ይሠራል። ግራዲያን ላይ ከሆነ ግን 50.95 ይላል። ይህ ቁጥር ማንንም አያስደነግጥም። ተማሪው ይገለብጠዋል፣ ጓደኛው ከእሱ ይገለብጣል፣ መምህሩም ቀይ እስክሪብቶ ሲያሳርፍበት ስሕተቱ ከቀመሩ ይሁን ከማሽኑ አያውቅም። የሚታመን የሚመስል ስሕተት ከሚያስቅ ስሕተት ይልቅ ይጎዳል።

ግራዲያን ከወዴት መጣ? የፈረንሳይ አብዮት መለኪያን ሁሉ በአሥር ሲያደርግ ቀጥተኛውን ማዕዘን ከ90 ይልቅ 100 ክፍል አደረገው፤ ሙሉው ክብ 400 ሆነ። በአውሮፓ የመሬት ቀያሾች ዘንድ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሲሠራበት ኖሯል። በ19ኛው መቶ ዘመን የኢትዮጵያን ተራሮች እየተዘዋወረ የለካው አንቷን ዳባዲም የዚህ ልኬት ደጋፊ ነበር፤ በኋላ በፈረንሳይ ባሠራው የከዋክብት መመልከቻ መሣሪያው የተከፋፈለው በዚሁ ነው። ለእኛ ተማሪ ግን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ግራዲያንን የሚጠይቅ ምንም የለም። ታዲያ ፊደሏ ወደ ጂ የምትዞረው እንዴት ነው? በውሰት ነው። አንድ ማሽን በአንድ ወንበር ላይ ለሦስት ተማሪ ያገለግላል፤ አንዱ የሚያደርገውን ሳያውቅ የሞድን ቁልፍ ይነካካል፤ ቀጣዩ ፊደሏን ሳያይ ይጠቀማል። በአንዳንድ ርካሽ ማሽኖች ላይ ደግሞ ሦስቱን የሚያፈራርቅ አንድ ቁልፍ አለ፤ እጅ ካረፈበት ይዞራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በ82 ኤምኤስ ላይ ሞድን ሁለት ጊዜ ተጭኖ 1ን መጫን ወደ ዲግሪ ይመልሳል፤ በኢኤስ ፕላሶቹ ሺፍት፣ ሞድ፣ ከዚያ 3 ነው። የተዋሰ ሰው ሳይን 30 ብሎ 0.5 ሳያይ ሥራ መጀመር የለበትም። «ማሽኑን ለዘለዓለም ዲግሪ ላይ ብንተወውስ?» የሚል ይኖራል፤ አያዛልቅም። የሳይን ደሪቬቲቭ ኮሳይን የሚሆነው በራዲያን ብቻ ነውና የ12ኛ ክፍል ካልኩለስ አርን ይፈልጋል። ስለዚህ ገዢው ፊደሏ ጎልታ የምትነበብበትን ስክሪን ይምረጥ፤ ፊደሏ የደበዘዘችበት ማሽን በነፃ ቢሰጥም ውድ ነው።

ርካሹ ማሽን የሚያሳየው ሌላም ነገር አለ፤ የክፍልፋዩ ቁልፍ። ሰሜን ሸዋ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ ካህናት ያሉበት አገር ነውና ምሳሌው ከዚያው ይሁን። የ2018ን በዓላት ለማውጣት 5500 ተጨምሮበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል፤ ይህ ለ19 ሲካፈል የሚፈለገው ቀሪው ነው። በማካፈያው ቁልፍ ቢሠራ 395.6842105 ይወጣል፤ ቀሪው ከነጥቡ በኋላ ተደብቋል። በክፍልፋዩ ቁልፍ 7518ን በ19 ላይ ቢያስቀምጡት ግን 82 ኤምኤስ 395⌟13⌟19 ብሎ ይጽፋል። 13 ቀሪው ነው፤ ቁልጭ ብሎ። አንዱ ለዘመን ሲቀነስ ወንበር 12 ይሆናል፤ በ11 ተባዝቶ 132፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12፤ በ19 ተባዝቶ 228፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18፤ ሁለቱ ተደምረው 30 መሙላታቸው ስሌቱን ያረጋግጣል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ማሽኑ ክፍልፋይን ያቃልላልና 132ን በ30 ላይ ሲያስቀምጡት 4⌟2⌟5 ይላል። 12ቱን ለማግኘት ሁለት አምስተኛውን በ30 ማባዛት ያስፈልጋል። የሚያሳየውን ማንበብ ላልተማረ ሰው 417ቱ ተግባር ይህን አይነግሩትም።

ገበያ ላይ የካሲዮን መልክ የያዘ ፎርጅድ በብዛት አለ፤ ሻጩ ሁሉ ደግሞ «ኦሪጅናል ነው» ይላል። ከማሸጊያው ይልቅ ቁልፎቹ ይመስክሩ። 69 ፋክቶሪያል 1.711224524 ሲባዛ በ10 ኃይል 98 መሆን አለበት፤ 70 ፋክቶሪያል ደግሞ ከማሽኑ ወሰን ያልፋልና የስሕተት መልእክት መምጣት አለበት። ከዚያ ማሽኑ ዲግሪ ላይ እያለ የ9ን ሳይን፣ የዚያን ኮሳይን፣ የዚያን ታንጀንት አውጥተው በተገላቢጦሽ ቁልፎቹ፣ ከታንጀንቱ ጀምረው ደረጃ በደረጃ ይመለሱ። ጥሩ ማሽን 9 ወይም ለ9 እጅግ የቀረበ ቁጥር ይመልሳል፤ ውስጡ የላላው ራቅ ይላል። ስለ ሶላሩ ብዙ አይጨነቁ፤ 991 በብርሃንም በክብ ባትሪም ይሠራል፤ 82 ኤምኤስ በባትሪ ብቻ ይሠራል፤ ፍጆታው ኢምንት ነው። በርካሾቹ ላይ ያለው ጥቁር መስታወት አንዳንዴ ለጌጥ ብቻ የተለጠፈ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ግን ይታሰብበት፤ የካሲዮ መመሪያዎች ማሽኑ ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት እንዲሠራ ያዛሉ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ስክሪኑ ቢደበዝዝ ወይም ቢዘገይ ኪስ ውስጥ ይሙቅ እንጂ ጠረጴዛ ላይ አይመታ።

«ስልክ እያለ ለምን ይገዛል?» የሚለው ተቃውሞ ጠንካራ ይመስላል። ስልክ በእርግጥ ይሠራል፤ ነገር ግን ፈተና አዳራሽ አይገባም፣ የስልኩ ካልኩሌተር ራዲያን ላይ ሆኖ ሊጠብቅም ይችላል፣ ከሁሉም በላይ ጥያቄ ቁጥር 3 ላይ ሳለ መልእክት ይመጣል። ሁለተኛው ተቃውሞ «በብሔራዊ ፈተና ካልኩሌተር አይፈቀድም፤ ታዲያ ልምዱ ምን ይረባል?» የሚል ነው። በዚህ ውስጥ እውነት አለ፤ 12ኛ ክፍል ያለ ተማሪ በወረቀት መሥራትን ካላወቀ ማሽኑ ጎድቶታል። ግን ለፊዚክስ ላቦራቶሪና ለቤት ሥራ የሚሠራበት፣ በእጁ ያወጣውን የሚያመሳክርበት ያስፈልገዋል። ቀድሞ ገምቶ ኋላ የሚጫን ተማሪ ግምቱም ይስላል። «ያሰንፋል» የሚሉትም የጥንቱን ሠንጠረዥ ያስታውሱ። ሠንጠረዥ በወረቀት የታተመ ማሽን ነበር፤ ቁጥር ከዚያ በማንበቡ ሳይን ምን እንደ ሆነ የተረዳ ተማሪ የለም፤ ባለማንበቡም የጎደለበት የለም። ሰባት ስምንትን ለማባዛት ካልኩሌተር የሚያወጣው ግን በእርግጥ ሰንፏል፤ እሱን ማንም አይሟገትለትም።

«ነገ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሌላ ከመግዛት ዛሬ ትልቁን ብገዛስ?» ለሚል ወላጅ መልሱ እንደ አቅሙ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተቋቋመው በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላው ምሕንድስና ወይም ስታቲስቲክስ የሚያጠና ተማሪ 991ን ይፈልገዋል። ግን በአራት ዓመት ውስጥ ካልኩሌተር ይጠፋል፣ ይወድቃል፣ ይሰረቃል፤ ለ9ኛ ክፍል ልጅ ውዱን መስጠት ለሌላ ተማሪ መግዛት ሊሆን ይችላል። ኦሪጅናሉ 82 ኤምኤስ ይበቃል፤ እሱ ከጠፋ ባለ ሁለት መስመር ሆኖ ከላይ ያሉትን ፈተናዎች ያለፈ ማንኛውም ማሽን ይበቃል። ክፍሉ በሙሉ አንድ ዓይነት ቢይዝ ደግሞ የበለጠ ነው፤ መምህሩ አንዱን ሲያሳይ ሁሉም ይማራል። የ9ኛ ክፍል ሒሳብ መምህራን ሆይ፣ ትሪጎኖሜትሪ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ስጡ፤ ሁሉም ማሽኑን ያውጣ፣ ሁሉም ሳይን 30 ይበል፣ 0.5 ያልመጣለት እጁን ያውጣ።