ብርድ የመታውን በበረዶ?

በእኛ አገር የአንድ ሰው ግማሽ አካል ድንገት አልታዘዝ ሲል መጀመሪያ የሚከሰሰው ብርድ ነው። «ብርድ መትቶት ነው»፣ «ነፋስ ገብቶበት ነው» ይባላል። መስኮቱ ይዘጋል፣ ጋቢ ይደረባል፣ እጅና እግሩ በቅባት ይታሻል። ታዲያ ለዚሁ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ «የገተረው ክንዱ ላይ በረዶ አድርጉለት» የሚል ባለሙያ ቢመጣ ቤተሰቡ ምን ይላል? ሰውዬውን ልትገድሉት ነው እንዴ!

ግን ምክሩ ትክክል ነው። ቢያንስ ግማሹ። ዛሬ የማወራው ስለ ቀሪው ግማሽ ነው።

ነገሩን ከገላፊ ሆኖ ማየት ይሻላል። ለአብዛኞቻችን ገላፊ ማለት ከባድ መኪና ማለት ነው፤ ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣው ነዳጅ፣ ማዳበሪያና ስንዴ ኬላውን አልፎ በሰመራ፣ በሚሌና በአዋሽ በኩል ወደ መሀል አገር ይወጣል። የሹፌሩን ኑሮ ደግሞ አስቡት። ቀኑን ሙሉ መቀመጥ፣ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ ሙቀት፣ የተቆራረጠ እንቅልፍ፣ ለብዙዎቹ ጫትና ሲጋራ፣ መቼ እንደተለካ የማይታወቅ የደም ግፊት። ስትሮክን ከሚያመጡ ነገሮች ሁሉ ቀዳሚው የደም ግፊት ነው። የዓለም የስትሮክ ድርጅት ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በላይ ከሆኑ 4 ሰዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ ስትሮክ ያጋጥመዋል ይላል። ይህ እንግዲህ የሁሉም ሰው ቁጥር ነው፣ የሹፌር ብቻ አይደለም።

ከስትሮኩ የተረፈ ሰው መጀመሪያ ላይ ክንዱ ብዙ ጊዜ ልፍስፍስ ይላል። ከዚያ በሳምንታትና በወራት ውስጥ በብዙዎች ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ክርኑ ይታጠፋል፣ መዳፉ ጡጫ ሆኖ ይጨበጣል፣ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ታች ይወጠራል። ባለሙያዎች ስፓስቲሲቲ ይሉታል። ጡጫ ሆኖ የቀረ እጅ መሪ አይዝም፣ ማርሽ አይቀይርም። ለሹፌር ቤት ይህ ማለት ገቢው ቆመ ማለት ነው። ባሰ ጊዜ ደግሞ ጥፍር መዳፍን ይበሳል፣ እጁን ማጠብ እንኳ ሥቃይ ይሆናል።

ለምን ይገትራል? ሹፌሮች ቶሎ የሚገባቸው ነገር ነው፤ ፍሬን ስለተበላሸ። ጡንቻ ውስጥ መለጠጥን የሚያዳምጡ ጥቃቅን የስሜት ክፍሎች አሉ። ጡንቻው ሲሳብ ወደ አከርካሪ ገመድ «ተለጠጥኩ» ብለው ይልካሉ፣ አከርካሪው ደግሞ «ተኮማተር» ብሎ ይመልሳል። ይህን መልስ እየያዘ የሚያለዝበው አንጎል ነበር። ስትሮኩ ያንን መስመር ሲጎዳው ጡንቻው ያለ ልጓም ይኮማተራል። በፍጥነት በሳባችሁት ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይታገላችኋል። ዘመድ በፍቅር ተነሳስቶ ክንዱን ጎተት ሲያደርግ የሚብሰው ለዚህ ነው።

በረዶው እዚህ ላይ ይገባል። ቅዝቃዜ የነርቭን መልእክት ያዘገያል፣ የእነዚያን የስሜት ክፍሎች ንቃትም ይቀንሳል። ተሰባብሮ ፌስታል ውስጥ የተደረገ በረዶ በእርጥብ ፎጣ ተጠቅልሎ በገተረው ጡንቻ ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቀመጣል። ቆዳው ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ውስጡ ያለው ጡንቻ ግን ጊዜ ይፈልጋል። በረዶን ለአፍታ ቆዳ ላይ ሸርተት ማድረግ ጭራሽ ጡንቻውን ሊያነቃው ይችላል፤ ስለዚህ ችኮላ አይሠራም።

ከዚያ ክንዱ ይላላል። ቤተሰብ ይደሰታል፣ በረዶውን ያነሳል፣ ቡና ያፈላል። ከግማሽ ሰዓት ወይም ከአንድ ሰዓት በኋላ ክንዱ ተመልሶ ጡጫ ነው። «አልሠራም» ይባላል።

ሠርቷል እኮ! በረዶ ስትሮክን አያድንም፣ የተጎዳውን አንጎልም አይጠግንም። የሚሰጠው አጭር የላላ ጊዜ ነው። ዋናው ሕክምና በዚያች ጊዜ ውስጥ የሚሠራው ነው። ጣቶቹን አንድ በአንድ በዝግታ መዘርጋት፣ ክርኑን በቀስታ አቅንቶ መያዝ፣ ሰውየው ራሱ ኩባያ ለመጨበጥና ለመልቀቅ እንዲሞክር ማድረግ። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ እኔ ነገሩን በወጪ ነው የማየው። በረዶው ርካሽ ነው፤ መብራት ካልጠፋ በቀር ቀዝቃዛ ውሃ የሚሸጥ ቤት ሁሉ ይገኛል። ውዱ ነገር ከበረዶው በኋላ በየቀኑ አጠገቡ የሚቀመጥ፣ ምን እንደሚያደርግ የተማረ ሰው ጊዜ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያ ሰው ሚስት ወይም ልጅ ናት፣ ያንን ሰዓት ደግሞ የሚከፍላት የለም።

ማጋነን አልፈልግም። በጉዳዩ ላይ የተሠሩት ጥናቶች አብዛኞቹ ትናንሽ ናቸው፣ ውጤታቸውም ይለያያል። ጡንቻውና ጅማቱ በእርግጥ አጥሮ ከቀረ በረዶ ምንም አያደርግለትም። እንደ ባክሎፈን ያለ የሚዋጥ መድኃኒትና የቦቱሊነም መርፌ አሉ፤ መርፌው ግን ውድ ነው፣ በየጥቂት ወሩም መደገም አለበት።

አደጋም አለው። ስትሮክ የመታው ክንድ ብዙ ጊዜ ስሜቱ ደንዝዟል፤ በረዶ ቢያቃጥለው ሰውየው አያውቅም። ስለዚህ ባዶ በረዶ ቆዳ ላይ አይደረግም፣ በየአምስት ደቂቃው ፎጣው ተገልጦ ቆዳው ይታያል፣ ቅዝቃዜውን አስታማሚዋ በራሷ እጅ ትለካለች። የደም ዝውውሩ ደካማ የሆነ ሰው ሐኪም ሳያማክር አይሞክረው። ሙሉ ሰውነትን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከር ደግሞ የደም ግፊትን ስለሚያንር ፈጽሞ አይሆንም። እና አንድ ነገር፦ ፊት ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ አፍ ሲተሳሰር በዚያች ሰዓት የሚፈለገው በረዶም ቅባትም አይደለም፣ መኪና ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ሆስፒታል።

ከገላፊ ተነስቶ ሰመራ አጠገብ ወዳለው የዱብቲ ሆስፒታል ለክትትል መመላለስ ለታማሚውም ለአስታማሚዋም ቀን የሚበላ ጉዞ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ሲያስመርቅ ዓመታት ቢቆጠሩም፣ በየኬላውና በየቀበሌው አንድ አንድ ባለሙያ ይኖራል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ ታማሚው ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት አስታማሚዋ በባለሙያው ፊት በረዶውን ጠቅልላ፣ ሰዓት ይዛ፣ ጣቶቹን ዘርግታ አሳይታ ትውጣ። አፋርኛ ተናጋሪ ከሆነች በአፋርኛ ይነገራት። ከዚያ ወዲያ የትራንስፖርት ገንዘቡ ለግፊት መድኃኒት ይውላል፣ ወደ ሆስፒታል የሚመለሱትም ሐኪሙ በቀጠረበት ቀን፣ ወይም ክንዱ ከበረዶው በኋላም አልላላ ሲል ይሆናል።