ውሻው የማን ነው? ከባሮ ዳር እስከ ጎግ፣ የእንስሳት ቁጥጥር ዳሰሳ

ጠያቂ የሌለው ደም በአማርኛ «ደመ ከልብ» ይባላል፤ የውሻ ደም ማለት ነው። ሟችን የሚል ወገን ሲጠፋ፣ ገዳይም ሳይጠየቅ ሲቀር፣ ደሙ ደመ ከልብ ሆነ እንላለን። አባባሉ የተነሣው ለውሻ ማንም አይጠየቅም ከሚል እምነት ነው። የቤት እንስሳ ፈቃድ፣ ምዝገባ፣ ክትባት፣ የማዘጋጃ ቤት ቁጥጥር የሚባለው ሁሉ ደግሞ የተፈጠረው ይህንኑ እምነት ለመሻር ነው። ሥራው ሁሉ የሚጀምረው «ውሻው የማን ነው?» ከሚል ጥያቄ ነው።

ጋምቤላ ከተማ መሃል ላይ ማለዳ ለወጣ ሰው ጥያቄው ቀላል አይደለም። ሙቀቱ ሳይበረታ ውሾቹ ከሥጋ ቤት ደጃፍ፣ ከገበያው ጥግ፣ ወደ ባሮ ወንዝ ከሚወርደው መንገድ ዳር አይጠፉም። ቀትር ሲሆን ማንጎ ጥላ ሥር ምላሳቸውን አውጥተው ይጋደማሉ። እንግዳ ሰው ሁሉንም «ባለቤት አልባ» ብሎ ይደመድማል። ሲመሽ ግን አብዛኞቹ እያንዳንዳቸው ወደ አንድ ግቢ ይገባሉ። ከዚያ ግቢ ትራፊ የሚጥልላቸው፣ በስም የሚጠራቸው፣ ሌሊት ሲጮኹ «ምን አየ?» ብሎ የሚነሣ ሰው አለ። በአፍሪካ በርካታ ከተሞችና ገጠሮች የተደረጉ ጥናቶችም ይህንኑ ያሳያሉ፤ መንገድ ላይ ከሚታየው ውሻ አብዛኛው ባለቤት አለው። ችግሩ ባለቤቱ ቀን ቀን አለመኖሩ ነው። ውሻው ዶሮ ሲይዝ ወይም ልጅ ሲነክስ «የእኔ አይደለም» ይባላል።

ሕጉ ለዚህ መልስ ካዘጋጀ ቆይቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው ሳይታሰብ ያመለጠ ቢሆንም እንኳ። ባለቤቱ የራሱ ጥፋት ከሌለበት የቤት እንስሳውን ለተጎጂው ለቆ ከኃላፊነት የሚወጣበት መንገድም ተቀምጦለታል። የ1994 ዓ.ም. የእንስሳት በሽታዎች መከላከልና መቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 267 ደግሞ በሽታን ማሳወቅንና መቆጣጠርን ይደነግጋል። ድንጋጌ አልጎደለም። ባለቤትነትን የሚያስረዳ ወረቀት ግን ከሌለ፣ ልጁ የተነከሰበት አባት ቀበሌ ሄዶ ምን ይዞ ይቆማል? የውሻ ፈቃድ ዋና ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ለማዘጋጃ ቤቱ የሚያስገባው ገቢ ከቁም ነገር የሚቆጠር አይደለም።

ነገሩን የሞት ሽረት ያደረገው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በኢትዮጵያ ወረርሽኙ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመዝግቦ የሚገኘው በ1895 ዓ.ም. ነው። በ1940ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመው የፓስተር ኢንስቲትዩት፣ የዛሬው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት መሠረት፣ ፀረ እብድ ውሻ ክትባትን ከቀዳሚ ሥራዎቹ አንዱ አድርጎ ያዘ። ለብዙ ዓመታት ለተነከሰ ሰው ይሰጥ የነበረው ከእንስሳ አንጎል የሚሠራው ክትባት ነበር፤ በተከታታይ 14 ቀን ሆድ ላይ ይወጋል። ያን መርፌ የቀመሱ ታላላቆቻችን እስከ ዛሬ ሲያወሩት ሆዳቸውን ይይዛሉ። አሁን ያለው ክትባት ክንድ ላይ የሚሰጥና ጥቂት ቀጠሮ ብቻ የሚጠይቅ ነው። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በቶሎ ጤና ተቋም መድረስ ሕይወት ያተርፋል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን መዳን የለም ማለት ይቻላል። ጠበልም ሆነ የባህል መድኃኒት የሚሻ ሰው እምነቱን አልነካበትም፤ ክትባቱን አስቀድሞ ይሂድ ብዬ ግን እለምነዋለሁ።

በዓለም በየዓመቱ በዚህ በሽታ ይሞታል ተብሎ የሚገመተው ሰው 59,000 ያህል ነው። ከመቶው 99 እጅ በሽታውን የሚያገኘው ከውሻ ነው፤ ከሟቾቹም መካከል ብዙ ሕፃናት አሉ። መፍትሔውም የታወቀ ነው፦ ከአንድ አካባቢ ውሾች ከመቶ 70ው ከተከተቡ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ከተሞቻችን ግን ለረጅም ዘመን የመረጡት በሥጋ ላይ መርዝ አድርጎ ማታ ማታ መጣል ነው። ይህን መንገድ አጥብቄ እቃወማለሁ። ስትሪክኒን የተባለውን መርዝ የበላ ውሻ አሟሟቱ ዘግናኝ ነው። መርዙም አይመርጥም፤ የተከተበውንም ያልተከተበውንም ይገድላል፣ በድኑን የነካውን ጥንብ አንሣ ሳይቀር ይደፋል። ጎዳናው ባዶ ሲሆን ደግሞ ከገጠርና ከጎረቤት ሰፈር ያልተከተቡ ውሾች ይገቡበታል። ገንዘቡ ወጣ፣ ውሻው አለቀ፣ በሽታው ግን ባለበት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ግጥጥሞሽ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዝ በተፈራረሙት ውል መሠረት ባሮ ዳር ለእንግሊዞች የንግድ ጣቢያ ተሰጠ፤ ጋምቤላ ከተማ የበቀለችው ከዚያ ነው፤ እንግሊዞቹም እስከ 1956 ቆዩባት። በዚያው በ1902 እንግሊዝ በገዛ አገሯ የእብድ ውሻን በሽታ አጠፋች። የውሻ ክትባት ገና ሥራ ላይ አልዋለም ነበር፤ ያጠፋችው በአፍ ማሰሪያ ትእዛዝ፣ በፈቃድ ሥርዓትና ከውጭ የሚገባን ውሻ ለይቶ በማቆየት ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጋር በሽታው ተመልሶ ሲገባም በዚያው ሥርዓት እንደገና አወጡት። የውሻ ፈቃዱ እ.ኤ.አ. በ1987 ተሽሯል፤ ከ2016 ጀምሮ ግን በእንግሊዝ እያንዳንዱ ውሻ የባለቤቱን መለያ የያዘ ቺፕ ከቆዳው ሥር እንዲኖረው ግዴታ ሆኗል። ወረቀቱ ቢቀርም የባለቤቱ ስም አልቀረም።

የጋምቤላ የራሷ የውሻ ቁጥጥር ታሪክ ግን ከማዘጋጃ ቤትም ከእብድ ውሻም የተነሣ አይደለም። ከትል ነው፤ ከጊኒ ዎርም። ሰው ከኩሬ ሳያጠልል ሲጠጣ ትሉን የተሸከመች፣ ዓይን በጭንቅ የምታያት የውሃ ቁንጫ አብራ ትገባለች። ዓመት ያህል ምንም አይሰማም። ከዚያ እግር ላይ እንደ እሳት የሚያቃጥል ውሃ የቋጠረ እባጭ ይወጣና ሲፈርጥ እስከ አንድ ሜትር የሚደርስ ነጭ ክር የመሰለ ትል ብቅ ይላል። መድኃኒትም ክትባትም የለውም፤ እንጨት ላይ እየጠቀለሉ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመሳብ በቀር። ታማሚው ቃጠሎውን ሊያበርድ እግሩን ውሃ ውስጥ ሲነክር ትሉ እጮቹን ይረጫል፤ ኩሬው እንደገና ተበከለ ማለት ነው።

ኢትዮጵያ የማጥፋት ዘመቻውን በካርተር ማዕከል ድጋፍ ስትጀምር፣ እ.ኤ.አ. በ1994፣ 1,252 ታማሚዎች ተመዝግበው ነበር። በደቡብ ኦሞ ሲቆም የቀረው የጋምቤላ ክልል ነው፣ በተለይም ጎግና አቦቦ ወረዳዎች። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ ላይ የታማሚው ቁጥር በጣት የሚቆጠር ሆኖ፣ አለቀ ሲባል፣ ትሉ ከውሻ እግር ላይ ወጣ። ቻድ ውስጥ በ2012 የታየው ነገር ብዙ ሳይቆይ ጋምቤላም ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2018 በሰው ላይ አንድም ሳይታይ 11 ውሾች፣ 5 ድመቶችና አንድ ዝንጀሮ ተይዘው ተገኙ። ከዚያ በፊት በ2017 በአብዛኛው በአቦቦ እርሻ ላይ ከሠሩ የቀን ሠራተኞች መካከል 15 ሰዎች፣ በኋላም በ2020 11 ሰዎች ታመዋል።

እንግዲህ ውሻን ማሰር ግድ ሆነ። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በእነዚህ ወረዳዎች ስጋት ባለባቸው መንደሮች ትል ያለበትም የሌለበትም ውሻና ድመት እየታሰረ ነው። በሩቅ ላለ ሰው ተራ ነገር ይመስለዋል። በቅርብ ሲያዩት ግን የአንድን ቤተሰብ አኗኗር የሚለውጥ ነው። እስከ ትናንት አዳኝን ተከትሎ ጫካ ይገባ የነበረ፣ ዓሣ ከሚያጠምዱት ጋር ወንዝ ይወርድ የነበረ ውሻ፣ ዛሬ ከሣር ቤቱ አጠገብ በገመድ ታስሮ ይውላል። ራሱ ውሃ ፍለጋ መሄድ ስለማይችል የተጠለለ ውሃ በሣህን ይቀርብለታል። የዓሣው ሆድ ዕቃ ሲጣል ይበላው የነበረው ቀርቶ ይቀበራል። ጥላው ሲዞር ውሻውም ቦታው መዞር አለበት፤ በጋምቤላ ፀሐይ ይህ የሚረሳ ነገር አይደለም። ይህን የምታደርገው ብዙውን ጊዜ ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ የመጣች እናት ወይም ልጇ ናት። ትል ያየ ሰው ሲያሳውቅ የገንዘብ ሽልማት አለ፤ የየቀኑን ድካም ግን ሽልማት አይሸፍነውም። ድካሙን የሚሸከሙት ወድደው ነው፤ ይህን ለመናገር አንደበቴ አይሰስትም።

ገመድ የማይደርስባቸውም አሉ። የጎግ ዝንጀሮዎች ከአዳኞችና ከማር ቆራጮች ጋር አንድ የጫካ ኩሬ ይጋራሉ፤ ለእነሱ የተቻለው ኩሬውን በኬሚካል ማከምና አንዳንዶቹን ይዞ ማጥናት ነው። 

በትል ሳቢያ የተጀመረው ሥራ ማንም ሳያውጀው ሌላ ነገር ሠርቷል። በእነዚያ መንደሮች በጎ ፈቃደኞች ስንት ውሻና ድመት እንዳለ፣ የማን እንደሆነ፣ ስንቱ እንደታሰረ በየጊዜው ይቆጥራሉ። በኢትዮጵያ ትልልቅ ከተሞች ሊሟላ ያልቻለው የውሻ መዝገብ በጎግ የሣር ቤቶች መካከል በሥራ ላይ ነው። ይሁንና ትሉን የሚከታተለው የጤናው ዘርፍ ነው፣ የእብድ ውሻ ክትባቱን የሚይዘው የግብርናው። በጋምቤላ ክልል ከ300,000 በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ይኖራሉ፤ ሰውና ከብት ድንበር ሲሻገር ውሻም ከነስጋቱ አብሮ ይሻገራል። ሁለቱ ዘርፎች አንድ ቀን አብረው ቢወርዱ የእነዚያ መንደሮች ውሻ እየሮጡ የሚያባርሩት አይደለም፤ ታስሯል፣ ባለቤቱ አጠገቡ ቆማለች፣ ስሟም ተጽፏል። የክትባቱ መርፌ ደግሞ ከጆሮው እስከ ትከሻው ባለው ቆዳ ሥር ለመግባት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።