የጃፓን የጥንት የጦር ጥበብ ቤቶች፤ የትምህርታቸው አወራረድና አሰጣጥ

በጃፓን አገር በቀድሞ ዘመን የሰይፍ፥ የጦርና የትግል ጥበብ የሚያስተምሩ ቤቶች «ሪዩ» ይባላሉ። የቃሉ ትርጉም የሚፈስ ውሃ ማለት ሲሆን፥ ነገሩን በደኅና ይገልጸዋል፤ ትምህርቱ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እየወረደ ይሄዳልና፥ በመካከል ከተቋረጠ ወደ ታች አይደርስም። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው፥ ይህ ፈሳሽ ብዙ መቶ ዓመት ሳይደርቅ የቆየበትን ሥርዓት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

እስከ ዛሬ ከቆዩት ጥንታውያን ቤቶች አንዱ ካቶሪ ሺንቶ ሪዩ ነው። መሥራቹ ኢዛሳ ኢየናኦ በ15ኛው መቶ ዓመት የኖረ ጦረኛ ሲሆን፥ ትምህርቱን ያቋቋመው ከቶክዮ በስተ ምሥራቅ በሚገኘው በካቶሪ መቅደስ አጠገብ ነው። የቤቱ አለቅነት ከኢዛሳ ቤተ ሰብ ሳይወጣ ኖሯል። በ1960 ዓ.ም. ደግሞ የቺባ ክፍለ ሀገር በባህል ቅርስነት መዘገበው። በቤቱ ልማድ አዲስ ተማሪ ሲገባ የተማረውን ለውጭ ሰው፥ ለዘመዱም ቢሆን እንዳይገልጽ ይምላል፤ ለመሐላውም ማጽኛ በጣቱ ደም ያትምበታል።

የማስተማሪያው መንገድ «ካታ» ይባላል። ይኸውም ሁለት ሰዎች በእንጨት መሣሪያ ተቃርነው አስቀድሞ በተወሰነ ተራ የሚፈጽሙት የመምታትና የመከላከል ልምምድ ነው። በብዙዎቹ የሰይፍ ቤቶች የአጥቂውን ስፍራ የሚይዘው መምህሩ ወይም የቆየው ተማሪ ነው፤ በመጨረሻም የሚሸነፈው እርሱ ነው። ላላወቀ ሰው ይህ የተገላቢጦሽ ይመስላል። ምክንያቱ ግን፥ ርቀቱን፥ ፍጥነቱንና ጊዜውን የሚወስነው አጥቂው ስለ ሆነ፥ መምህሩ ተማሪው ሊችለው በሚገባው መጠን እየመጠነ፥ ቀስ በቀስም እያከበደ ሊያሳድገው እንዲችል ነው።

በካቶሪ ሺንቶ ሪዩ ካታ ውስጥ ሰይፍ ከሰይፍ የሚጋጭበት ቦታ ብዙ ነው፤ በእውነተኛው ትርጉሙ ግን ከነዚህ ምቶች ብዙዎቹ የሚያርፉት በጠላት አካል ላይ ነው። ስለዚህ ተመልካች ሁሉንም እያየ ምሥጢሩን ሳያገኝ ይመለሳል። ትርጉሙን የሚገልጽለት መምህሩ ብቻ ነው።

ተማሪው ሲበስል ጥቅል ጽሑፍ ይሰጠዋል። «ሞኩሮኩ» የተባለው የትምህርቱ ዝርዝር ነው፤ «መንክዮ ካይደን» የተባለው ደግሞ ትምህርቱን ሁሉ ለመፈጸሙ ምስክር ነው። ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ የካታዎቹን ስም እንጂ አሠራራቸውን አይነግርም፤ ለተማረ ሰው ማስታወሻ ይሆነዋል፥ ላልተማረ ግን የተዘጋ በር ነው።

ለዚህ የሺንካጌ ሪዩ ታሪክ ምሳሌ ይሆናል። ካሚኢዙሚ ኖቡትሱና በ1565 ዓ.ም. ለያግዩ ሙኔቶሺ የመምህርነት ማረጋገጫ ሰጠው። የሙኔቶሺ ልጅ ሙኔኖሪ በኤዶ የቶኩጋዋ ገዢዎች የሰይፍ መምህር ሆነ፤ በ1632 ዓ.ም.ም ስለዚሁ ጥበብ መጽሐፍ ጻፈ። የልጅ ልጁ ቶሺዮሺ ደግሞ በኦዋሪ አስተማረ። የሙኔኖሪን መጽሐፍ ዛሬ በብዙ ቋንቋ ማንበብ ይቻላል፤ የካታው አሠራር ግን እንዲህ በንባብ አይገኝም። እርሱ በኦዋሪ መስመር ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ዛሬም ይሠራበታል።

በ1876 ዓ.ም. መንግሥት ሰይፍ መታጠቅን በከለከለ ጊዜ የብዙ ቤቶች ኑሮ ተናጋ። በ1882 ዓ.ም. የጁዶን ትምህርት ቤት የመሠረተው ካኖ ጂጎሮ ሁለት የትግል ቤቶችን ትምህርት ተምሮ ነበር፤ ከነዚህም አንዱ ኪቶ ሪዩ ነው። ካኖ ለአዲሱ ትምህርቱ ሌላ የማዕርግ ሥርዓት ቢያወጣም፥ የኪቶ ሪዩን ካታ ግን አልጣለውም፤ «ኮሺኪ ኖ ካታ» በሚል ስም በጁዶ ውስጥ ጠበቀው። ይህን ለማድረግ የቻለው ጽሑፍ ስላገኘ ብቻ ሳይሆን፥ ከሚያውቅ መምህር ፊት ቆሞ ስለ ተማረ ነው።

እንግዲህ ልማድን የምንመዘግብ ተማሪዎች ከዚህ የምናገኘው ቁም ነገር አለ። ጽሑፍ መጥፋትን ያዘገያል፥ ክርክርንም ይፈታል፤ ሆኖም ጽሑፉ ስለ ተገኘ ብቻ ጥበቡ ድኗል ማለት አይደለም። ስለዚህ መዝጋቢው «ምን ተጻፈ?» ብሎ ከመጠየቁ ጋራ፥ «ማን ከማን ተማረ? ዛሬስ የሚማርለት ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።